«ጉልበትህን አጥፈህ አንሳ» ለምን አይበቃም? ሴፍቲ ኦፊሰር ስለ ወገብና መገጣጠሚያ ጉዳት ሊማር የሚገባው

የቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሲጭን የዋለ ሠራተኛ በማግስቱ ከአልጋው መነሳት ሲያቅተው «ብርድ መታኝ» ይላል። ከስፌት መስመር የወጣች ልጅ ትከሻዋን ሲጠዘጥዛት «ቁርጥማት ነው» ይሏታል። እሱ ወጌሻ ጋ ይሄዳል፣ እሷ ቅባት ተቀብታ ሥራዋ ላይ ትገኛለች። የፋብሪካው የአደጋ መዝገብ ቢገለጥ ሁለቱም የሉበትም። ማሽን ጣቱን የቆረጠው ሰው ይመዘገባል፤ ሥራው ወገቡን ቀስ በቀስ የጨረሰበት ሰው አይመዘገብም።

ይህን ጉዳት ቀድሞ አይቶ ማስቆም የሥራ ላይ ደህንነትና ጤንነት ባለሙያው፣ በየፋብሪካው «ሴፍቲ» የሚባለው ሰው፣ ኃላፊነት ነው። ሥልጠናው ግን ብዙ ጊዜ እሳት ማጥፊያ፣ ሄልሜትና ኤሌክትሪክ ላይ ያልቃል። ስለ ወገብ የሚነገረው ነገር ቢኖር ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ሥዕል ነው፦ ጉልበቱን አጥፎ ሳጥን የሚያነሳ ሰው። ሥዕሉ ስህተት አይደለም፤ ችግሩ ሥራው ሁሉ እዚያ ላይ ማለቁ ነው።

ጉዳቱ ከሌላ አደጋ በምን ይለያል?

እዚህ የምንናገረው ሥራ በጡንቻ፣ በጅማት፣ በመገጣጠሚያ፣ በነርቭና በአከርካሪ ዲስክ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ነው። ሥራን ከሰው አካል ጋር የሚያስማማው የሙያ ዘርፍ ደግሞ ኤርጎኖሚክስ ይባላል።

ገመድ ሲያረጅ አስቡት። የሚበጠሰው አንድ ቀን ነው፤ ክሮቹ ግን አንድ በአንድ ሲላሉ ከርመዋል። ጅማትና ዲስክም እንዲሁ ናቸው። በየሥራ ቀኑ ጥቃቅን ጉዳት ይደርስባቸዋል፤ በእረፍትና በእንቅልፍ ሰዓት ሰውነት ይጠግነዋል። የቀኑ ጉዳት ከሌሊቱ ጥገና ሲበልጥ ትርፉ ይጠራቀማል። ሠራተኛው «ዛሬ ቀላል ዕቃ አንስቼ ወገቤ ተያዘ» ሲል ዛሬ የተበጠሰው የመጨረሻው ክር ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሌላ መንገድም አለ፦ ሳይንቀሳቀሱ መቆየት። ጡንቻ ተወጥሮ ሲቆይ በውስጡ ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚጫን የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። ክንዷን ከፍ አድርጋ ጨርቅ የምትመራ ሰፊ ምንም ከባድ ነገር ሳታነሳ ትከሻዋ የሚቃጠለው ለዚህ ነው። «ቁጭ ብላ ነው የምትሠራው፣ ምን ያማታል?» የሚል አለቃ ይህን አያውቅም።

የዓለም ጤና ድርጅት በጡንቻ፣ በአጥንትና በመገጣጠሚያ ችግር የሚኖረውን ሰው ቁጥር 1.71 ቢሊዮን ያህል ያደርሰዋል። ሁሉም ከሥራ የመጣ አይደለም። በ160 አገሮች ሰውን ከእንቅስቃሴ በማገድ አንደኛ የሆነው ግን የወገብ ህመም ነው።

20 ኪሎ እንዴት 160 ኪሎ ይሆናል?

ባለሙያው ከሁሉ በፊት ሊገባው የሚገባው ሐሳብ ይህ ነው። ውኃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከጭን አስጠግቶ መያዝ ይቻላል፤ እጅን ወደ ፊት ዘርግቶ መያዝ ግን ለጥቂት ሰከንድ እንኳ ይከብዳል። የጀሪካኑ ክብደት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ርቀቱ ነው።

ወገብን እንደ ሚዛን ክንድ ውሰዱት። መሃሉ አከርካሪው ነው። ጀርባን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ጡንቻ ከመሃሉ የሚርቀው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሌላው ወገን ያለው ዕቃ 40 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ጡንቻው ሚዛኑን ለመጠበቅ የዕቃውን ክብደት 8 እጥፍ መሳብ አለበት። 20 ኪሎው 160 ይሆናል ማለት ነው። የጎነበሰው የገዛ ሰውነቱ ክብደት ገና አልተቆጠረም። ይህ ሁሉ ጫና የሚያርፈው ታችኛው የወገብ ዲስክ ላይ ነው። ዕቃውን ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ብናስጠጋው 160ው ወደ 100 ይወርዳል፤ ከዕቃው አንድ ግራም ሳይቀነስ።

እንግዲህ «ስንት ኪሎ ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ አይሰጥም። ከየት ከፍታ፣ ምን ያህል ርቆ፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ፣ ወገብ እየተጠመዘዘ ነው ወይስ ቀጥ ብሎ? ሥልጠናው እነዚህን ጥያቄዎች የባለሙያው ልማድ እስኪሆኑ ማስለመድ አለበት።

ሠራተኛውን አነሳሥ ማስተማርስ?

ማስተማሩ አይጎዳም፤ ብቻውን ግን ጉዳት ሲቀንስ አልታየም። የሕክምና ማስረጃዎችን የሚመረምረው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ግምገማ፣ ስለ አነሳሥ ምክርና ሥልጠና መስጠት የወገብ ህመምን እንደሚከላከል የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም።

ምክንያቱ ሥራው ቦታ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ግልጽ ነው። ጉልበት አጥፎ ማንሳት የሚጠቅመው ዕቃው በሁለቱ ጉልበቶች መካከል ሲገባ ነው። ሰፊ ካርቶን ወይም የሞላ ጆንያ አይገባም። ያኔ ጉልበቱ ራሱ ዕቃውን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ርቀቱ ይጨምራል፣ ወገቡም ይበልጥ ይጫናል። በዚያ ላይ ቁጢጥ ብሎ መነሳት ጎንበስ ብሎ ከማንሳት የበለጠ ጉልበት ይፈጃል። በቀን መቶ ጊዜ የሚያነሳ ሰው ከረፋዱ በኋላ ወደ ለመደው ይመለሳል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ሰውነት ኃይሉን የሚቆጥብበት መንገድ ነው። ሠራተኛውን «አስተምረንህ ነበር» ብሎ መውቀስ ደግሞ ጉዳቱን ሁለት ያደርገዋል።

ስለ ወገብ ቀበቶም ተመሳሳይ ነው። ናዮሽ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም ጉዳዩን መርምሮ፣ ጤነኛ ሠራተኛን ከጉዳት እንደሚጠብቅ በቂ ማስረጃ እንደሌለ እ.ኤ.አ. በ1994 አስታውቋል። ቀበቶ ማደል ርካሽ ስለሆነ ይመረጣል። ቀበቶ ግን እንደ ሄልሜት ወይም ጓንት የመከላከያ ዕቃ ተደርጎ አይቆጠርም።

ባለሙያው ሥራውን ከየት ይጀምራል?

ከመጠየቅ። የተለመደው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የኖርዲክ መጠይቅ ነው። ሰውነትን በ9 ክፍል ከፍሎ ባለፉት 12 ወራትና ባለፉት 7 ቀናት የት ቦታ እንዳመመ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ለአማርኛ ተናጋሪ ልዩ ጥንቃቄ አለ። «እጄን ያመኛል» ያለ ሰው ከጣቱ እስከ ክንዱ ሥር የትኛውንም ሊል ይችላል። «እግሬን» ያለም ከውስጥ እግሩ እስከ ታፋው። ስለዚህ የሰው ቅርጽ የተሣለበት ወረቀት ይሰጥና ቦታውን ራሱ ሠራተኛው ያጠቁራል። እንደ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባለ፣ ሲዳምኛና ወላይትኛ ተናጋሪ በብዛት በሚሠራበት ቦታ፣ ሥዕሉ የቋንቋውንም ክፍተት በከፊል ይሞላል። ወረቀቱን የመስመር ተቆጣጣሪው ከሰበሰበው ግን ማንም እውነቱን አይጽፍም። «ታማሚ ነች» ተብሎ ሥራ ማጣት ስለሚፈራ ስም የሌለበት ሆኖ በሳጥን ይሰብሰብ።

ቀጥሎ ማየት ነው። ስልክ ካሜራ ይበቃል፤ አቀማመጡ ግን ወሳኝ ነው። ካሜራው በሠራተኛው ጎን በኩል፣ በወገቡ ከፍታ መሆን አለበት። ከፊት ለፊት ከተቀረጸ የወገብና የአንገት መጉበጥ አይታይም። ሙሉ የሥራ ዙር ቢያንስ 10 ጊዜ ሲደጋገም ይቀረጽ። ሰልጣኞች ከሚሠሯቸው ስህተቶች ሦስቱ በጣም የተለመዱ ናቸው፦ ጎበዙን ሠራተኛ ብቻ መቅረጽ፣ ሰው ያልደከመበትን ጠዋት ብቻ መቅረጽ፣ አጭሯንና ረጅሙን ትቶ መካከለኛ ቁመት ያለውን መምረጥ። ጠረጴዛው የማይስማማው ለሁለቱ ዳርቻዎች ነው።

ከዚያ መለካት ይመጣል። የሚያስፈልገው ሜትር፣ ጠመኔ፣ ተንጠልጣይ ሚዛንና ሰዓት ነው። ርቀት ሲለካ ከሆድ ተነስቶ አይደለም። ሠራተኛው ዕቃውን ሊያነሳ እንደቆመ በሁለቱ ቁርጭምጭሚቶቹ መካከል ወለሉ ላይ በጠመኔ ነጥብ ይደረጋል። ከሁለቱ እጆቹ መካከል ቁልቁል ሌላ ነጥብ። በነጥቦቹ መካከል ያለው ነው ርቀቱ። 10 ሴንቲ ሜትር መሳሳት ውጤቱን ምን ያህል እንደሚያዛባው ቀጥሎ ባለው ስሌት ይታያል።

አንድ ካርቶን ሲሰላ

ናዮሽ እ.ኤ.አ. በ1991 ያሻሻለው የማንሳት ቀመር ከ23 ኪሎ ይነሳል። ይህ ሁሉም ነገር ፍጹም ምቹ ሲሆን፣ ለአብዛኛው ጤነኛ ሠራተኛ የሚመከረው ትልቁ ክብደት ነው። ከዚያ ምቹ ያልሆነው ነገር ሁሉ እየተባዛ ይቀንሰዋል።

ከማሸጊያ ክፍል አንድ ሥራ እንውሰድ። ካርቶኑ 20 ኪሎ ነው። መሬት ላይ ካለ ፓሌት (ዕቃ ከሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ) ይነሳል፤ እጅ የሚይዘው በ20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ ርቀቱ 40 ሴንቲ ሜትር። 120 ሴንቲ ሜትር ላይ ወዳለ መደርደሪያ ይሄዳል፤ መደርደሪያው በጎን ስለሆነ ሠራተኛው ወገቡን 45 ዲግሪ ይጠመዝዛል። በደቂቃ አንድ ጊዜ፣ ቀኑን ሙሉ።

ርቀት፦ 25 ለ40 ሲካፈል 0.625። ከፍታ፦ ከተመራጩ 75 ሴንቲ ሜትር በ55 ዝቅ ይላል፤ በየሴንቲ ሜትሩ 0.003 ይቀነሳል፣ 0.835። የተነሳበት ቁመት፦ 4.5 ለ100 ተካፍሎ 0.82 ሲደመርበት 0.865። መጠምዘዝ፦ በየዲግሪው 0.0032 ተቀንሶ 0.856። ድግግሞሽ ከሠንጠረዡ 0.75። እጀታ የሌለው ነገር ግን ጣት ከሥሩ የሚገባለት ካርቶን 0.95።

ሁሉም ከ23 ጋር ሲባዙ 6.3 ኪሎ ይመጣል። ይህ ቦታ የሚፈቅደው 6.3 ኪሎ ነው፤ ሰውየው የሚያነሳው 20። የተፈቀደውን 3.2 እጥፍ ማለት ነው። ከ1 በላይ ሲሆን አደጋው መጨመር ይጀምራል፤ 3ን ካለፈ ለብዙ ሠራተኛ ጎጂ ነው።

አሁን ሰውየውንና ካርቶኑን ሳንነካ ቦታውን እንለውጥ። ከብረት የተበየደ 55 ሴንቲ ሜትር መደብ ከፓሌቱ ሥር ይገባና እጅ የሚይዝበት 75 ላይ ይደርሳል። ሰውየው ፓሌቱን ዞሮ ወደ ካርቶኑ እንዲጠጋ መተላለፊያ ይለቀቅለታል፤ ርቀቱ 30 ይሆናል። መደርደሪያው ወደ 100 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ከጎኑም ተነስቶ አንድ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ሲርቅ ሰው እግሩን ያዞራል፣ በጣም ሲቀርብ ግን ወገቡን ብቻ ይጠመዝዛል። አሁን ሌሎቹ ሁሉ 1 ስለሚሆኑ የሚቀረው የርቀቱ 0.833 እና የድግግሞሹ 0.75 ነው። ውጤቱ 14.4 ኪሎ። 20 ኪሎው 3.2 እጥፍ መሆኑ ቀርቶ 1.4 እጥፍ ሆነ። ካርቶኑ 14 ኪሎ እንዲይዝ ከተደረገ ደግሞ ከ1 በታች ይገባል።

ይህ መፍትሔ የራሱ ወጥመድ አለው፤ ሰልጣኙም ቀድሞ ሊያውቀው ይገባል። መደቡ የታችኛውን ረድፍ ሲያስተካክል የላይኛውን ረድፍ ከትከሻ በላይ ይሰቅለዋል። ስለዚህ ወይ ከሁለት ረድፍ በላይ አይደረደርም፣ ወይ ዕቃው በቀነሰ ቁጥር ከፍ የሚል ማንሻ ጠረጴዛ ያስፈልጋል።

ቀመሩ ለሁሉም አይሠራም። በአንድ እጅ ለሚነሳ፣ ቁጭ ብሎ ወይም ተንበርክኮ ለሚሠራ፣ ለመግፋትና ለመጎተት፣ በጀርባ ለመሸከም፣ ወለሉ ለሚያንሸራትት ቦታ አልተሰናዳም። በተለይ ሰውን ለማንሳት አይሆንም፤ ሰው እንደ ካርቶን ጸጥ ብሎ አይያዝም። አሜሪካ ውስጥ አረጋውያንን በመንከባከብ ለሚተዳደሩ በርካታ ወገኖቻችን ይህ ልብ ሊባል ይገባዋል፦ ታካሚን በእጅ ለማንሳት እዚያ የሚመከረው ወሰን ወደ 16 ኪሎ (35 ፓውንድ) ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ማንሻ መሣሪያ ይጠየቃል።

የጫኝና አውራጁስ?

ለኤክስፖርት የሚዘጋጅ የቡና ጆንያ 60 ኪሎ ነው። የእህል ጆንያ አንድ ኩንታል፣ 100 ኪሎ ይደርሳል። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ አዋቂ ወንድ ሠራተኛ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ በላይ ከሆነ በአስቸኳይ ሊቀነስ እንደሚገባ ይናገራል። የቡናው ጆንያ ገና ሳይነሳ ከዚህ ይበልጣል። እዚህ ጋ «እንዴት ያንሳ» የሚለው ሥልጠና ትርጉም የለውም። የሚያዋጣው ክብደቱን መቀነስ ወይም ከሰው ጀርባ ላይ ማውረድ ነው፦ የእጅ ጋሪ፣ ከመኪናው ወለል እኩል የሆነ የማራገፊያ መድረክ፣ ማጓጓዣ ቀበቶ። በእንግሊዝ የሲሚንቶ ከረጢት 25 ኪሎ የሆነው የሰው ወገብ ስለበረታ ሳይሆን ከረጢቱ ስላነሰ ነው።

ስፌት ማሽን ላይ ምን ይታያል?

እዚህ ክብደት የለም፤ አቀማመጥና ድግግሞሽ ነው ያለው። ለዚህ ሩላ የሚባለው የነጥብ አሰጣጥ ያገለግላል፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ሲሆን ክንድ፣ የእጅ አንጓ፣ አንገትና ወገብ ያሉበትን ዲግሪ እያየ ከ1 እስከ 7 ነጥብ ይሰጣል። አንገት ከ20 ዲግሪ በላይ ካጎነበሰ፣ ክንድ ከ45 ዲግሪ በላይ ወደ ፊት ከተነሳ ነጥቡ ይወጣል። 5 ወይም 6 ከሆነ ቶሎ መስተካከል አለበት፤ 7 ከሆነ ዛሬውኑ።

ሰልጣኞች አንዱን ቪዲዮ ለየብቻ ነጥብ ሰጥተውት ከዚያ ይነጻጸሩ። አንዱ 4 ሌላው 6 ካለ ወዴት እንደተለያዩ እስኪያገኙት ይከራከሩ። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ የሚመጣው አንዱ የባሰውን ቅጽበት፣ ሌላው የተለመደውን ቅጽበት ስለመረጠ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ለየብቻ ይመዝገቡ።

ሰፊዋ ለምን አንገቷን ትደፋለች? መርፌው ስለማይታያት። ለምን ወደ ፊት ትጠጋለች? ፔዳሉ ወደ ውስጥ ስለገባ እግሯ ጎትቶ ያመጣታል። ስለዚህ «ቀጥ በይ» ማለት ከንቱ ነው። ፔዳሉን ወደ እሷ ማምጣት፣ መብራቱን መርፌው ላይ ማውረድ፣ ጠረጴዛውን በክርኗ ከፍታ አካባቢ ማስተካከልና ወደ እሷ በትንሹ ማዘንበል፣ አግዳሚውን ከፍ ዝቅ በሚል ባለመደገፊያ ወንበር መተካት ነው መፍትሔው። በሎስ አንጀለስ የልብስ ስፌት ሠራተኞች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት፣ የሚስተካከል ወንበር ያገኙት ሠራተኞች ከ4 ወር በኋላ የአንገትና የትከሻ ህመማቸው ወንበር ካላገኙት ይበልጥ መቀነሱን አሳይቷል።

ሥራ ማፈራረቅም ይረዳል፤ በደንብ ከታሰበ ብቻ። እጅጌ ከመስፋት ወደ ኮሌታ መስፋት ብትዛወር የምትጠቀመው ያንኑ ትከሻ ነው። ማፈራረቅ ማለት ጡንቻ ማፈራረቅ ነው፦ ከስፌት ወደ ቆሞ መመርመር፣ ከዚያ ወደ ማጓጓዝ። ክፍያው በቁራጭ ከሆነ ደግሞ የተሰጠውን አጭር እረፍት ሠራተኛዋ ራሷ ትዘለዋለች። እረፍቱ የሚወሰደው በክፍያው ውስጥ ሲታሰብ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሥራ ሂደቶቹ የጤና ጠንቅ እንዳይሆኑ እንዲጠነቀቅ ያስገድዳል፤ ከጠንቆቹ መካከል ኤርጎኖሚካዊውን በስም ይጠቅሰዋል። በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳት የሚባለውም ድንገተኛ አደጋ ብቻ ሳይሆን በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታንም ይጨምራል። ስለዚህ ሴፍቲ ኦፊሰሩ ወንበርና ማንሻ ሲጠይቅ ውለታ እየለመነ አይደለም። ያም ሆኖ ሥራ አስኪያጁን የሚያሳምነው የአንቀጹ ቁጥር ሳይሆን 6.3 እና 20 ጎን ለጎን የተጻፉበት አንድ ገጽ ነው። ሥልጠናው ያን ገጽ ማዘጋጀትንም ማስተማር አለበት፦ የአሁኑ ፎቶ፣ ልኬቱ፣ የታሰበው ለውጥ፣ ዋጋው፣ የሚሠራው ሰውና ቀኑ።

ሥልጠናው መሥራቱ በምን ይታወቃል?

በፈተና ውጤት አይደለም። ክፍል ውስጥ የሚያልቀው ጊዜ ከጠቅላላው ከግማሽ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ቀሪው ወለሉ ላይ ይሁን። እያንዳንዱ ሰልጣኝ ከራሱ ድርጅት አንድ ሥራ መርጦ ይለካ፣ ከሠራተኞቹ ጋር ተነጋግሮ ይለውጥ፣ እንደገና ይለካ። ከሠራተኞቹ ጋር መነጋገሩ ለይስሙላ አይደለም። መደቡ የት ቢቀመጥ መንገድ እንደሚዘጋ፣ ጋሪው የትኛው ጉድጓድ ላይ እንደሚያዝ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ከ3 ወር በኋላ ተመልሶ ማየት ግድ ነው። ወዲያው ከለውጡ በኋላ የሚሞላ መጠይቅ የአዲስ ነገር ደስታን ይለካል። በዚያ ጊዜ ወንበሮቹ ሁሉ በአንድ ከፍታ ላይ ቆመው ከተገኙ ማስተካከያውን ማንም አላሳያቸውም ማለት ነው። መደቡ የምሳ ዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ካርቶኑ መሬት ላይ ከተመለሰ ደግሞ ባለሙያው ሠራተኛውን ከመገሠጹ በፊት ሜትሩን ያውጣ። ምናልባት ፎርክሊፍቱ መደቡ ላይ ፓሌት ለማሳረፍ የሚዞርበት 20 ሴንቲ ሜትር ጎድሎት ይሆናል።